ክንፉ ለምን ወደ ኋላ ተጣመመ?

የተጣመመው የፕሮፔለሩ ክንፍ ጫፍ ነበር። ሙሉው ክንፍ አይደለም፤ ከጫፉ መዳፍ የሚያህል ቦታ። ጠርዙ ተሸራርፏል፤ የተላጠው ነሐስ ቢጫ ሆኖ ያበራል፤ ጫፉ ደግሞ ወደ መርከቧ ኋላ ታጥፏል። ድራይ ዶክ ገብተን፣ ውሃው ከሥራችን ተመጥጦ፣ መርከቧ በመደገፊያ ላይ ቆማ ነበር። እኔም ከፕሮፔለሩ ሥር ቆሜ አንጋጥጬ አያለሁ።

አብሮኝ የነበረው ሠራተኛ “በረዶ ነው” ብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ። በረዶ መሆኑ አልጠፋኝም። የፈረንጆቹን ክረምት ያሳለፍነው በስዊድንና በፊንላንድ መካከል ባለው የቦትኒያ ባሕረ ሰላጤ ነው። እኔን የከነከነኝ አቅጣጫው ነው። ፕሮፔለር ውሃን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ውሃው ደግሞ ክንፉን ወደ ፊት ይገፋዋል። መርከብ የሚሄደው በዚህ ነው። ዕድሜ ልኩን ወደ ፊት ሲገፋ የኖረ ክንፍ፣ በተጣመመ ጊዜ ለምን ወደ ኋላ ተጣመመ?

ጥያቄው ትንሽ ነው፤ ግን ጎጃም ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ለዕረፍት ገብቼ፣ ባሕር ዳር ጣና ዳር ቡናዬን ይዤ ተቀምጬ እንኳ፣ ሞተር ጀልባ ባለፈ ቁጥር ዓይኔ ወደ ኋላዋ ይሄዳል። ዛሬ ልጽፈው የተነሳሁት፣ መልሱ ጣና ላይ ለሚሠሩ ጀልባዎችም የሚሆን ነገር ስላለው ነው።

ያ ሌሊት

ወደ ሉሊዮ እየሄድን ነበር። ሉሊዮ በሰሜን ስዊድን ያለ ወደብ ነው፤ የብረት ማዕድን ይጫንበታል። የባሕረ ሰላጤው ሰሜናዊ ጫፍ በየዓመቱ በበረዶ ይሸፈናል። ውሃው ጨዉ በጣም ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይረጋል። በረዶ ሰባሪ መርከብ ከፊት መንገድ ይከፍታል፤ የጭነት መርከቦች በተከፈተው ቦይ ይከተላሉ። ቦዩ ግን ባዶ ውሃ አይደለም። በስብርባሪ በረዶ የተሞላ ነው። አንዱ መርከብ ሰብሮት ያልፋል፣ መልሶ ይረጋል፣ ሌላው መጥቶ ይሰብረዋል። እንዲህ እየተሰበረና እየረጋ ስብርባሪው ይወፍራል።

ሞተር ክፍል ውስጥ ላለ ሰው በረዶ አይታየውም፤ ይሰማዋል። ከመርከቧ ጎን የሚመጣው ረጅም የመፋቅ ድምፅ ነው፤ ይለመዳል። ከኋላ የሚመጣው ግን አይለመድም። ትልቅ ቁራጭ በሆዷ ሥር ተንሸራቶ ፕሮፔለሩ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ ዱብ ይላል። ቀጥሎ ድድድድ እያለ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ጠረጴዛ ላይ ያለ ስኒ ከቦታው ይሄዳል። ሻፍቱ፣ ማለትም ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ፣ ስንት እንደሚዞር የሚያሳየው መርፌ ይወርዳል፣ ሞተሩ ነዳጅ ይጨምራል፣ መርፌው ቀስ ብሎ ይመለሳል። ከዚያ ዝም ይላል። ከዚያ እንደገና ይጀምራል።

በዚያ ሌሊት በረዶ ሰባሪው ከፊታችን በድንገት ፍጥነቱን ቀነሰ። ከካፒቴኑ ዘንድ ሞተር ይቁም የሚል ትእዛዝ መጣ። ትእዛዙ ሰው የሚያስበው ነው፤ ከፊቱ ያለውን መርከብ መግጨት የሚፈልግ የለም። ዙሩ ወረደ። መርከቧ ግን ከባድ ናት፤ ሞተሩ ቆመ ተብላ አትቆምም። ፕሮፔለሩ ሊቆም ጥቂት ሲቀረው ከሥራችን የመጣው ምት ከዚያ በፊት ከሰማሁት ሁሉ የተለየ ነበር። ድድድ አላለም። አንዴ ብቻ ጓ! አለ። የያዝኩት የብረት መደገፊያ እጄ ላይ ነዘረኝ።

ዋናው መሐንዲሳችን በዕድሜ የገፉ፣ ብዙውን የሥራ ዘመናቸውን ባልቲክ ላይ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ስልኩን አንስተው ለካፒቴኑ የተናገሩት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። “መርከቡ እየሄደ ፕሮፔለሩ አይቁም። በጣም ቀስ ይበል፣ ግን ይዙር። መርከቡን በረዶው ራሱ ያቆመዋል።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረው “የሚዞር ክንፍ በረዶውን ይቆርጠዋል። የቆመውን ግን በረዶው ያገኘዋል” አሉኝ። ፕሮፔለሩ ቀስ እያለ መዞሩን ቀጠለ። መርከቧም ስብርባሪው ውስጥ እየደከመች ከበረዶ ሰባሪው ራቅ ብላ ቆመች።

ያኔ ያሉትን ያዝኩ እንጂ ምክንያቱ አልገባኝም። ያች አንዲት ምትና ያ የታጠፈ ጫፍ የአንድ ነገር መጀመሪያና መጨረሻ መሆናቸውን ያየሁት ባሕር ዳር ተቀምጬ፣ ወረቀት ላይ ክንፍ እየሳልኩ ነው።

የዙሩና የመርከቧ ፍጥነት

ክንፉ ሁለት ፊት አለው። አንዱ ወደ መርከቧ አፍንጫ ያያል፣ ሌላው ወደ ኋላ። ክንፉ ያዘመመ ስለሆነ ሲዞር ውሃውን በኋለኛው ፊቱ እየገፋ ይወረውረዋል። ዙሩ ከመርከቧ ፍጥነት ጋር የሚመጣጠን እስከሆነ ድረስ ሥራው ይኸው ነው።

አሁን ዙሩ ይውረድ፣ የመርከቧ ፍጥነት ግን ባለበት ይቆይ። ክንፉ ከፊት ከሚመጣው ነገር ቀድሞ መሸሽ አይችልም። የሚመጣው ውሃ፣ ውሃው የያዘው በረዶም፣ የፊተኛውን ፊቱን ይመታዋል። ከፊት የተመታ ክንፍ ወዴት ይሄዳል? ወደ ኋላ። ሲከነክነኝ የኖረው ነገር መልሱ ይኸው ነው። ክንፋችንን ወደ ኋላ ያጠፈው ሞተሩ አይደለም፤ የመርከቧ የራሷ ጉዞ ነው።

ፕሮፔለሩ ጨርሶ ከቆመማ ነገሩ ይከፋል። በሺህ የሚቆጠሩ ቶኖች የምትመዝነው መርከብ ትሄዳለች፣ በሆዷ ሥር የተያዘው በረዶ መሄጃ ያጣል፣ የቆመው ክንፍም በመሃል ይጨመቃል። መዞሩን የቀጠለ ክንፍ ግን በስለት ጠርዙ በረዶውን እየፈጨ ያሳልፈዋል። ከታች ስንሰማው የነበረው ድድድድ ለካ የጤና ድምፅ ነበር። የሚያስፈራው ያች አንዷ ምት ናት።

ዙሩ ሳይወርድም ቢሆን ትልቅ ቁራጭ ሲፈጭ ክንፉን ይበልጥ የሚጫነው ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ የሚያጥፈው ኃይል ነው። በረዶ ውስጥ የሚሄዱ መርከቦች የሚሠሩበት የፊንላንድና የስዊድን የበረዶ ደረጃ ደንብ ክንፉን ወደ ኋላ የሚያጥፈውንና ወደ ፊት የሚያጥፈውን ኃይል ለየብቻ የሚያሰላው ለዚህ ነው። ደንቡ አራት ደረጃዎች አሉት፦ አንድ ኤ ሱፐር፣ አንድ ኤ፣ አንድ ቢ እና አንድ ሲ። ፕሮፔለሩ ሊገጥመው ይችላል ተብሎ ሒሳብ ውስጥ የሚገባው የበረዶ ቁራጭ ውፍረት ለአንድ ሲ 1 ሜትር፣ ለአንድ ኤ ሱፐር 1.75 ሜትር ነው። 1.75 ሜትር የሰው ቁመት ነው። ሰው የሚያህል የበረዶ ቁራጭ ክንፍ ውስጥ ገብቶ፣ ተፈጭቶ፣ በሌላ በኩል ይወጣል ማለት ነው። እኔ ይህን ሳስብ ዛሬም ይገርመኛል።

ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ ይባላል። በረዶ ውስጥ ጉልበት አለኝ ብሎ የሚሮጥ መርከብ የሚጎዳው በዚህ መንገድ ነው። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር፣ ድንገት መቀነስ ሲመጣ በዙሩና በመርከቡ ፍጥነት መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል። ወደ ኋላ መሄድ ሲያስፈልግም ጥንቃቄው ብዙ ነው። መሪው መሃል ላይ ይደረጋል፣ ፕሮፔለሩ ቀስ ብሎ እየዞረ መሆኑ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ነው ወደ በረዶው የሚገባው።

ውሃ ያጣ ፕሮፔለር

ትልቁ ቁራጭ ያስፈራል እንጂ መርከብን ብዙ ጊዜ የሚያቆማት ትንንሹ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። በቦዩ ውስጥ ያለው ስብርባሪ አንድ በአንድ ቢቆጠር ክንፉን የሚጎዳ አይደለም። ተሰብስቦ ከፕሮፔለሩ ፊት ሲቆም ግን ውሃውን ይዘጋበታል። ፕሮፔለር የሚበላው ውሃ ነው። ውሃ ካልመጣለት የሚገፋው ነገር የለውም።

ያኔ ሁለት ነገር አብሮ ይመጣል። ክንፉ በረዶውን እየታገለ ስለሚዞር ለማዞር የሚጠይቀው ኃይል ይጨምራል። ውሃ ስላጣ ደግሞ የሚሰጠው ግፊት ይቀንሳል። ሞተሩ ይጨነቃል፣ መርከቧ አትሄድም። ከሞተር ክፍል ሲታይ ልብ የሚያደክም ነገር ነው፤ ነዳጁ ይሄዳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ከላይ ግን “ፍጥነት የለም” ይሉሃል።

ሦስተኛ ነገርም አለ፤ ካቪቴሽን ይሉታል። ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ያነሰ ነው። ግፊቱ ይበልጥ ቢቀንስ ውሃ ቀዝቃዛ ሆኖም ይፈላል። በረዶ መንገዱን በዘጋበት ፕሮፔለር ላይ የሚሆነው ይህ ነው። ክንፉ የሚስበው ውሃ ሲያጥረው በፊተኛው ፊቱ ላይ ያለው ግፊት ይወድቃል፣ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ያለ ውሃ አረፋ ይሠራል። አረፋው ወዲያው ሲፈርስ ክንፉን ይቀጠቅጠዋል። ከበረዶው ምት ሌላ፣ ንዝረቱና ጫጫታው በከፊል ከዚህ ይመጣል።

የሞተሩ ዓይነት ለውጥ የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው። ክንፎቹ ከእምብርቱ ጋር አንድ ሆነው የተሠሩ ከሆነና ሞተሩ በቀጥታ የሚያዞራቸው ከሆነ፣ በረዶ ሲይዛቸው የሞተሩም ዙር አብሮ ይወርዳል፤ ዙሩ ሲወርድ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። የክንፉን ዝንባሌ መቀየር የሚቻልበት ፕሮፔለር ከሆነ ግን ዝንባሌውን ቀንሶ ዙሩን ማቆየት ይቻላል። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞር ከሆነ ደግሞ ዙሩ ዝቅ ብሎም ሙሉ የማዞር ኃይል ይኖረዋል። ደንቡም ይህን ያውቃል፤ ዝንባሌው የማይቀየር ፕሮፔለር ካለው መርከብ የበለጠ የሞተር ጉልበት ይጠይቃል። መለኪያው ቀላል ነው፦ በስብርባሪ በረዶ በተሞላ ቦይ ውስጥ ቢያንስ በ5 ኖት (በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ) መሄድ።

ይህን ስጽፍ እንቦጭ ትዝ ይለኛል። ጣና ላይ መኖሩ ከተነገረበት እ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ ብዙ ተብሏል፤ ስለ አሣውና ስለ ውሃው የተባለውን አልደግመውም። ጀልባ ነጂ የሚያየው ሌላ ነገር አለ። ነፋስ ገፍቶ ያመጣው ምንጣፍ ውስጥ የገባች ጀልባ ፕሮፔለሯ ለስላሳ ግንድ ነው የሚገጥመው፤ አይሰበርም። ግን ሥሩ ሻፍቱ ላይ ይጠመጠማል፣ ውሃው ይዘጋል፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባዋ ቆማ ትቀራለች። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ የሚገባበት ቀዳዳም ይደፈናል። እኛም ባልቲክ ላይ ተመሳሳይ ችግር ነበረብን። የማቀዝቀዣው ውሃ የሚገባበት ሳጥን በበረዶ ቅንጣት ሲሞላ፣ ከሞተሩ የወጣውን ሞቅ ያለ ውሃ መልሰን ወደ ሳጥኑ እየላክን እናቀልጠው ነበር። ጀልባ ላይ እንዲህ ያለ መፍትሔ የለም። ሞተሩን አጥፍቶ፣ አንስቶ፣ በእጅ ማጽዳት ነው።

በኋላቸው የሚሄዱ

ስለ በረዶና ፕሮፔለር ካነበብኩት ሁሉ እጅግ የወደድኩት፣ ሰዎች ይህን ስጋት ወደ ጥቅም የቀየሩበት መንገድ ነው። አሜሪካ ውስጥ በታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1888 ሴንት ኢግናስ የምትባል መርከብ በአፍንጫዋ በኩልም ፕሮፔለር ተገጠመላት። የፊቱ ፕሮፔለር ከበረዶው ሥር ያለውን ውሃ ይስበዋል፤ በረዶው ድጋፉን ያጣል፤ የሚረጨው ውሃ ደግሞ የመርከቧን ጎን እያጠበ መፋተጉን ይቀንሳል።

ሩስያዊው አድሚራል ማካሮቭ ሐሳቡን ወደ ዋልታ ወሰደው። በእንግሊዝ አገር ኒውካስል የተሠራው “የርማክ” የተባለው በረዶ ሰባሪ ሲወጣ ከኋላ ሦስት፣ ከፊት አንድ ፕሮፔለር ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1899 በስፒትስበርገን አካባቢ ወፍራም የዋልታ በረዶ ሲገጥመው ግን የፊቱ አልበጀውም፤ በኋላ ተነሳ። ለሐይቅ የሆነው ለዋልታ አልሆነም። ባልቲክ ላይ ግን ሐሳቡ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1954 ፊንላንዶች ቮይማ የተባለውን በረዶ ሰባሪ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት ፕሮፔለር አድርገው ሠሩት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ይበልጥ ደፋር ነው። የፊቱ ፕሮፔለር እንዲህ ከጠቀመ፣ መርከቡን ራሱን ለምን አናዞረውም? አሉ። ኤሌክትሪክ ሞተሩን ከመርከቡ ሥር በተንጠለጠለና ዙሪያውን በሚዞር አካል ውስጥ አስገቡት። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ቴምፔራና በቀጣዩ ዓመት የተከተለው ማስቴራ የተባሉት ነዳጅ ጫኝ መርከቦች ባዶ ውሃ ላይ በአፍንጫቸው ይሄዳሉ። ከባድ በረዶ ሲገጥማቸው ይዞሩና በኋላቸው ይገባሉ። ፕሮፔለሩ ከሁሉ ቀድሞ በረዶውን ያገኘዋል፣ ይፈጨዋል፣ ውሃውን በመርከቡ ሆድ ሥር እየላከ መንገዱን ያለሰልሰዋል።

ይህ እንዲሆን ያደረገው የክንፉ ውፍረት ብቻ አይደለም። ሞተሩ ኤሌክትሪክ ስለሆነ በረዶ ሲይዘውም መዞሩን አያቆምም። መርከቡም በቀስታ ይገባል። ዙሩ ከፍ፣ ጉዞው ዝቅ። አለቃዬ በዚያ ሌሊት በስልክ ያሉት ነገር እዚህ ሙሉ መርከብ ሆኖ ተሠርቷል።

ማን ይቀድም?

አሁን ወደ ጣና ልምጣ። ግንቦት ውስጥ ነው። ሐይቁ ይሸሻል፣ ክረምት ላይ ተሸፍነው የነበሩ ድንጋዮች ወደ ላይ ይቀርባሉ። ወደ ዘጌ የሚያመላልስ፣ ጋሼ እያልኩ የምጠራው ጀልባ ነጂ ሞተሩን አንስቶ ፕሮፔለሩን ሲፈታ አጠገቡ ነበርኩ። ሞተሩ የቆየ ዓይነት ነው። ፕሮፔለሩን ከሻፍቱ ጋር የሚያያይዘው አንዲት ፒን ናት። እርሳስ አታክልም፤ ርዝመቷም ከጣት ያጥራል። ክንፉ ድንጋይ ሲመታ ይህች ፒን ትቆረጣለች፣ ሻፍቱ በባዶ ይዞራል፣ ውስጥ ያለው ማርሽ ይተርፋል። ነጂው ሌላ ፒን ይከትና ይቀጥላል። የተሠራችው ለዚሁ ነው።

ከሞተሩ ያወጣው ግን ፒን አልነበረም። የተቆረጠ ብሎን ነው።

“ጋሼ፣ ፒኗ የት ሄደች?” አልኩት።

“በየጊዜው እየተቆረጠች አስቸገረችኝ። ይኼን አስቆርጬ ከተትኩ። ይኼ እንኳ አይቆረጥም።”

“እሱ ካልተቆረጠ ምን ይቆረጣል?”

ዝም ብሎ አየኝና “ፒን ከየት ላምጣ? እዚህ የለ። ሰው ጭኜ ሐይቅ መሃል ልቁም እንዴ?” አለኝ።

እውነቱን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልስም ይገባዋል። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ብሎኑን መዳፌ ላይ አድርጌ የማየው ያን የታጠፈ የነሐስ ጫፍ ነበር። ስለ አቅጣጫው ብቻ ሳስብ ኖሬ፣ ለምን ጫፉ ብቻ እንደተጎዳ አልጠየቅኩም ነበር። ያ ሁሉ ምት መጥቶ ሻፍቱ ደህና፣ ኩሽኔታው ደህና፣ ሞተሩ ደህና የሆነው በዕድል አይደለም። ለበረዶ የሚሠራ መርከብ ክንፉ ከሻፍቱ ቀድሞ እንዲጎዳ ተደርጎ ይሰላል። ክንፉ ሙሉ በሙሉ ቢታጠፍ እንኳ፣ ለማጠፍ ያስፈለገው ኃይል ሻፍቱን መጉዳት የለበትም። ከሻፍቱ ወደ ውስጥ ያለው ደግሞ ደረጃ በደረጃ ይጠነክራል። የክንፉ ብረትም ከመሰበሩ በፊት ቢያንስ 15 በመቶ እንዲለጠጥ ይጠበቃል፤ ከነሐስና ከአንዳንድ የማይዝግ ብረት ውጭ የሆነው ደግሞ በብርድ እንዳይሰባበር ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ በምት ይፈተናል። ብዙ በረዶ ሰባሪዎች ክንፎቻቸው በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ የተጎዳው ተፈትቶ ሌላ ይገባል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተጣመመ ክንፍ ያለው መርከብ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ወደብ ይደርሳል። ሻፍቱ የተሰበረ መርከብ በረዶ መሃል የሚገፋው የለውም። አያቴ ሲያርሱ ማረሻው ሥር ወይም ድንጋይ ሲይዘው የሚበጠሰው ምራኑ ነበር። እዚያው እርሻው ላይ ቀጥለው ይቀጥላሉ። ምራኑን የማይበጠስ አድርገው ቢሠሩት ሞፈሩ ይሰበራል፤ ሞፈሩ ባይሰበር የበሬው አንገት ይጎዳል። ይህን ለማወቅ ማንም ደንብ አላነበበላቸውም።

ጋሼ ይህን ስነግረው ቶሎ ገባው፤ እሱም የገበሬ ልጅ ነው። የሌላ ሰው ጀልባ ታሪክም አጫወተኝ። በሚስማር የተተካ ፒን ነበራት። ድንጋይ ስትመታ ሚስማሩ ጸና፣ የማርሹ ጥርስ ረገፈ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሳሚዎችን ይዛ ነበር። ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ሲነሳ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሌላ ጀልባ ደርሶ እስኪጎትታት ማዕበሉ ሲያማታት ቆየ። ሁሉም በሰላም ወጡ። ባለቤቱ ግን ማርሹን ለማስተካከል ከአንድ ወቅት ገቢው በላይ ወጣበት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ስለዚህ ጋሼን ይዤ ቶርኖ ቤት ሄድን። ከአሮጌ ሳጥኑ ውስጥ ግማሿ የተቆረጠች የፋብሪካ ፒን ተገኘች። በውፍረቷ ልክ፣ ከእሷ ካልጠነከረ የነሐስ ዘንግ ቆርጠው ሠሩለት። ቶርነሩ መጀመሪያ “ብረት ላድርግላችሁ፣ ይበረክታል” ብሎ ነበር። እንዳይበረክት እንደምንፈልግ ለማስረዳት ጊዜ ወሰደብን። ከገባው በኋላ ግን ልኳን ደብተሩ ላይ ጻፋት፤ ሌላም ከመጣ እሠራለሁ አለ። ዋጋው ጋሼ ከፈራው በጣም ያነሰ ነው። አሁን ትርፍ ፒኖቹን፣ ፒንሳና ካቻቢቴ ጨምሮ፣ ከመቀመጫው ሥር በቆርቆሮ ጣሳ ይዞ ይሄዳል። መቅዘፊያም እንዲይዝ ለምኜዋለሁ፤ ፒን እስኪቀየር ጀልባዋን ከድንጋይ የሚያርቃት እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። አዳዲሶቹ ሞተሮች ብዙዎቹ ፒን የላቸውም። በፕሮፔለሩ እምብርት ውስጥ ያለ ጎማ ነው ምቱን የሚቀበለው፤ ከመጠን ያለፈ ሲመጣ ይንሸራተታል። እሱን በብየዳ የሚያስይዙ እንዳሉ ሰምቻለሁ። እባካችሁ አታድርጉት። ጎማው ካለቀ እምብርቱን ማስቀየር ይሻላል።

ጣና ላይ የምትሠሩ፣ ወይም የሚሠራ ዘመድ ያላችሁ፣ የሞተራችሁን ዓይነትና የፈረስ ጉልበት፣ የፒኗን ውፍረትና ርዝመት በሚሊሜትር ጽፋችሁ ላኩልኝ። የፋብሪካውን ፒን ስባሪ ያገኘ ፎቶዋን ይላክ፤ ከምን እንደተሠራች ከቀለሟ ለመለየት እሞክራለሁ። ቶርነሩ ደብተሩን ሊያካፍለን ፈቅዷል። የየሞተሩን ልክ በአንድ ገጽ አዘጋጅቼ፣ ባሕር ዳር መነሻው ላይና ዘጌ ማረፊያው ላይ ለመለጠፍ ከነጂዎቹ ጋር ተነጋግረናል።